አንኮበር፦ የነገሥታት መቀመጫ የነበረችው የተራራ ከተማ ለምን ትንሽ ሆና ቀረች?

ለውይይት ያቀረብሁት ጥያቄ አጭር ነበር። አንኮበር ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሸዋ ገዢዎች መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የውል ስምምነት አድርገዋል፤ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ከተመለሱ በኋላ የአባቶቻቸውን መንበር የያዙት በዚህችው አገር ነው። ዛሬ ግን ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደል አፋፍ ላይ የምትገኝ አነስተኛ የወረዳ ከተማ ናት። ለምን እንዲህ ሆነች ብዬ ስጠይቅ የራሴንም ግምት አክዬ ነበር፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ከተማዋ በአንድ ጊዜ ባዶ ቀረች የሚል ነበር። ውይይቱ ይህን ግምቴን ቀስ በቀስ አፍርሶታል። መልሶቹን በተራቸው፣ በራሴ ቃል እተርካለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ አባት ነው። በትሕትና ሰላምታ ከሰጡ በኋላ በጥያቄዬ ውስጥ ያለውን ስሕተት አሳዩኝ። የሸዋ ገዢዎች ዛሬ በምንረዳው መንገድ አንድ ቋሚ ዋና ከተማ አልነበራቸውም አሉ። ነጋሲ በመንዝ አጋንቻ ተቀምጠው ነበር፤ አብዬ ወደ ሐራምባ ወረዱ፤ አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫ አደረጓት። ሣህለ ሥላሴም ቢሆኑ ዓመቱን የሚያሳልፉት በአንኮበር፣ በአንጎለላ፣ በቁንዲና በደብረ ብርሃን መካከል እየተዘዋወሩ ነበር፤ ምኒልክ ራሳቸው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ነው። ስለዚህ መቀመጫን መለወጥ ለዚያ ቤተ መንግሥት የቆየ ልማድ እንጂ ያልተጠበቀ ነገር አልነበረም። መምህሩ ነገሩን በዚህ አልዘጉትም፤ አጋንቻና ሐራምባ ከብዙ ሰው ልብ ሲጠፉ አንኮበር ለምን ሳትረሳ እንደ ቀረች ማሰብ ይሻላል ብለው ጥያቄውን ገልብጠው መለሱልኝ።

መልስ 2። ሁለተኛው ተሳታፊ በአራት መስመር ብቻ የአያቱን ነገር አነሣ። አያቱ በተራራው ጫፍ ላይ ከድንጋይ ካብና ከሣር በቀር ምንም ባልነበረበት ጊዜ እንኳ ሥፍራውን ግቢ ብለው ይጠሩት እንደ ነበር፣ ልጆች ወደዚያ ከብት ሲነዱ ጫማ አውልቁ ባይባሉም ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ይታዘዙ እንደ ነበር ነገረን። ብዙ ሰው ይህን መልስ በዝምታ አልፎታል። እኔ ግን ለመምህሩ ጥያቄ ግማሽ መልስ እንደ ሆነ አስቤያለሁ።

መልስ 3። የውይይቱን ክር ወደ ዋናው ነገር ያዞረው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው የንግድ ታሪክ የሚያጠና ሰው ይመስላል፤ አንኮበርን ለመረዳት ከተራራው ጫፍ ሳይሆን ከግርጌው መጀመር አለብን ሲል ጀመረ። ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ቅፍለት የአሰልን የጨው ሐይቅና የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ለሳምንታት ተጉዞ ከሸዋ ተራሮች ሥር ይደርሳል። ግመል ያን ገደል መውጣት ስለማይችል ጭነቱ በፋሬና በአልዩ አምባ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ደጋው ይወጣል። አንኮበር የተቀመጠችው የግመል መንገድ በሚያልቅበትና የበቅሎ መንገድ በሚጀምርበት ሥፍራ አናት ላይ ነው። በላይዋ የተቀመጠ ገዢ ማን እንደ መጣ ከሩቅ ያያል፤ ቀረጡን ይሰበስባል፤ ጠመንጃውን ማን እንደሚገዛ ይወስናል፤ ያልፈለገውን እንግዳም በቆላው አስቀምጦ ያቆያል። ጨው፣ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ሲገባ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣ ነበር። ንጉሡ በአፋፉ ላይ የተቀመጡት ለነፋሻ አየርና ለምሽግነቱ ብቻ ሳይሆን ይህን ጉሮሮ ለመያዝ ነው ሲል ደመደመ።

መልስ 4። ቀጣዩ ተሳታፊ በሐሳቡ ተስማምቶ ዘመኑን አስተካከለ። መንገዱ ምኒልክ ወደ እንጦጦ በወጡ ማግሥት አልሞተም አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን ያጣቸው ወደ ሐረር ዘምተው ስለ ነበር ነው፤ ሒሳቡን ለመጨረስም እስከ እንጦጦ ተከትሏቸው መሄድ ግድ ሆነበት። ሐረር በዚያው ዓመት ከተያዘች በኋላ ንግዱ ወደ ደቡብ አደላ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የአንኮበር መውጫ ሥራ ፈታ። በእንጦጦና ከዚያም በአዲስ አበባ የተቀመጠ መንግሥት የደቡቡንና የምዕራቡን ቡና ከቅርብ ያገኘዋል፤ ከአንኮበር በታች ወዳለው ወደ ይፋት ገደል የሚወስደው ጉዳይ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ግምቴ እንዳልጸና ለራሴ አመንሁ፤ ይህንም በክሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

መልስ 5። ይህን ያየች አንዲት ተሳታፊ እኔ በአንድ ጊዜ ባዶ ቀረች ያልሁትን ቃል ይዛ ጠበቅ ባለ አነጋገር አረመችኝ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በቁርባን የተጋቡት በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህም ንጉሡ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ማዛወር ከጀመሩ በኋላ የሆነ ነው። የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻም ከሸፈተባቸው በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ የታሰረው በአንኮበር ነበር። ስለዚህ ከተማዋ የመንበርነቷን ሥራ ብታጣም ክብር ላለው ሥርዓትና ታላላቅ እስረኞችን ለመጠበቅ የምትታመን ሥፍራ ሆና ቆይታለች አለች። ንባቧ የሰፋ መሆኑ ያስታውቃል፤ ታሪክን በችኮላ ለሚጽፍ ሰው ያላት ቁጣም እኔን ጨምሮ የሚገባን ይመስለኛል።

መልስ 6። እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። አንድ ጎብኚ ባለፈው የበጋ ወራት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንደ ሄደ፣ ታሪካዊ ነው የተባለውን ቦታ ፈልጎ ከአንድ የግንብ ቁራጭ በቀር ምንም እንዳላየ፣ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው አንኮበር መሄድ ድካም ብቻ እንደ ሆነ በምሬት ጻፈ። ስለ ከተማዋ የሚነገረው ሁሉ ተጋንኗል እስከማለት ደረሰ።

መልስ 7። የመለሰለት የአገሩ ተወላጅ ነው፤ መልሱም ለስላሳ አልነበረም። በመጀመሪያ ሰውየው መኪናውን ያቆመው በጎረቤላ እንደሚሆን ጠረጠረ። ጎረቤላ የዛሬው ወረዳ መቀመጫ ነው፤ አሮጌው የቤተ መንግሥት ተራራ ግን ከዚያ በእግር የሚኬድበት የተለየ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሳያይ ይመለሳል። ከጎንደር ጋር ማነጻጸሩንም ፈጽሞ አልተቀበለውም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ሲሆኑ የአንኮበሩ አዳራሽ በአብዛኛው ከእንጨት ተሠርቶ በሣር የተከደነ፣ በእንጨት አጥር ዙሪያውን የተከበበ ነበርና እንዲያ ያለ ሥራ በዝናብና በእሳት ፊት መቶ ዓመት ሊቆም አይችልም። የሚታየው ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው አለ፦ እንደ ጎጆ ጣራ የሾለው ተራራ፣ በጎኑ እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ፣ በየጉብታው ላይ የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ ከኪዳነ ምሕረትና ከቅዱስ ሚካኤል ደብር የሚሰማው የማለዳ ደወል። ጥጋት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሰማዩ በጠራ ቀን ከእግሩ ሥር ደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ አፋር ሜዳ የሚዘልቀውን አገር ያያል። ተሳታፊው ሲያጠቃልል ለማየት ቸኩሎ የመጣ ሰው የአገሩን ሰው መንገድ ሳይጠይቅ ባይፈርድ ይሻል ነበር ሲል ጎብኚውን ወቀሰው። ወቀሳው ትንሽ ከበደ እንጂ ነገሩ እውነት ነው።

መልስ 8 እና 9። የስምንተኛው መልስ ጸሐፊ ጠቡን ትቶ ስለ ወፎች ነገረን። በአንኮበር ገደሎች ላይ የምትኖር፣ በከተማዋ ስም አንኮበር ሴሪን ተብላ የተመዘገበች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የታወቀችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነው። ላባዋ ዓይን የሚስብ ስላልሆነ ሕዝቡ እየተመላለሰ ሲያያት ኖሮ ልዩ መሆኗን ልብ ያላላት አይመስልም፤ ሊያያት የሚፈልግ ሰው በማለዳ በገደሉ ጠርዝ ላይ በመንጋ ሆና ስትለቅም ይጠብቃት ብሏል። ከዚያ ወደ ወፍ ዋሻ ደን አለፈ። ይህ ደን በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ጥንታዊ ደን ሲሆን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅሉበታል፤ ጥበቃውን የአገሩ ሰው ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ይጀምረዋል። ጭላዳዎችም በአፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ዘጠነኛው መልስ አጭር እርማት ነበር፦ ወፏ በአንኮበር ብቻ ትገኛለች ማለት ዛሬ ትክክል እንዳልሆነ፣ በሰሜን ተራሮችም እንደ ተገኘች፣ ይህም ክብሯን እንደማይቀንሰው አስታወሰ።

መልስ 10። ከወፉ ተነሥቶ አንድ ሰው ወደ ልጥ ማረፊያ ወሰደን። የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው የማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የጥናት ቡድን ከምኒልክ መሬት ተሰጥቶት በአንኮበር አጠገብ የጥናት ጣቢያ ያቋቋመው እዚያ ነው፤ አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. አርፎ የተቀበረውም እዚያው ነው። ወፎችና አራዊት እየተሰበሰቡ ወደ ኢጣልያ ይላኩ ነበር። ተሳታፊው ከዚያው ጣቢያ ደጃፍ ሳይንስም ፖለቲካም አብረው እንደ ገቡ፣ ከዓድዋ በፊት የነበረውን ግንኙነት ለመረዳት የሚሻ ሰው ይህን ትንሽ ቦታ ማለፍ እንደሌለበት አሳሰበ።

መልስ 11፣ 12 እና 13። ክሩ ከሁሉ የበለጠ የተካረረው እዚህ ላይ ነው። አሥራ አንደኛው ተሳታፊ በመልስ 3 የተዘረዘረው ሸቀጥ ዋናውን እንደ ሸሸገ ተናገረ። በአልዩ አምባ አቅራቢያ በሚገኘው በአብዱል ረሱል የሰው ገበያ እንደ ነበረ፣ ከደቡብ የተፈነገሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ልጆች፣ በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ይነዱ እንደ ነበር፣ የ1830ዎቹ የውጭ ጎብኚዎችም በዓይናቸው አይተው እንደ ጻፉት አስረዳ። ቡናና የዝሆን ጥርስ ብሎ መዘርዘር፣ ሰውን ግን መተው፣ ታሪክን ማጠብ ነው አለ። አሥራ ሁለተኛው በቁጣ ተነሥቶ የአገርን ስም በአደባባይ ማጉደፍ ለማን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ፤ በዚያ ዘመን የሰው ንግድ ያልነበረበት አገር እንዳልነበረም ጨመረ። አሥራ ሦስተኛዋ ራሷን የአልዩ አምባ አካባቢ አርጎባ ተወላጅ ብላ አስተዋወቀች። ቁጣ ሳትጨምር ሁለቱንም መለሰቻቸው። ያ ንግድ መነገር አለበት፤ ነገር ግን ሲነገር ሁሉንም ኃጢአት በቆላው ነጋዴ ላይ ጭኖ ከላይ ተቀምጦ ቀረጥ የሚቀበለውን ቤተ መንግሥት ንጹሕ ማድረግ አይገባም አለች። ቀጥላም የአገሯን ሌላ ገጽ አሳየችን፦ የአርጎባ ሸማኔዎችን፣ ከሐረር የመጡ ነጋዴዎች የሰፈሩበትን ሠፈር፣ መስጊዱንና የደጋው ክርስቲያን ለገበያ ሲወርድ የሚያድርበትን የወዳጅ ቤት። እኔ በዚህ ጉዳይ መካከለኛ ነኝ ማለት አልፈልግም፤ ከአሥራ አንደኛውና ከአሥራ ሦስተኛዋ ጋር ነኝ። የመልስ 3 ጸሐፊም ተመልሶ ስሕተቱን ያለ ማመካኛ ተቀበለ። አሥራ ሁለተኛው ግን ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 14። ትንሽ ጋብ ሲል አንድ ሰው ስለ ስሟ ጠየቀ፣ ራሱም መለሰ። አንኮ የምትባል የቀድሞ ባላባት ሚስት በዚያ ትኖር ነበርና በሯ አንኮ በር ተባለ የሚለውን የአገሬው ትውፊት ጠቀሰ። በዚያ ሰንሰለት ላይ በር እያሉ መጥራት የተለመደ ነው፤ ጣርማ በርም አለ። ትውፊቱ እንደ ትውፊት ይያዝልኝ ማለቱን ወድጄዋለሁ።

መልስ 15። በእኔ አስተያየት የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው፤ የጻፈችውም በጎረቤላ የምታስተምር ወጣት ናት። ሁላችሁም ስለ ነገሥታት ጻፋችሁ፣ እኛ ግን እዚያ እንኖራለን በሚል መንፈስ ጀመረች። በደጋው ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ቡቃያውን ከመታው የዓመቱ ነገር ያበቃለታል። ከአፋፉ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ወደ ታች የወረደ ሰው ጤፍና ማሽላ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ቡናና ጫት ያገኛል። ስለዚህ በገበያ ቀን የደጋው ሰው ገብሱን፣ ባቄላውንና በጉን ይዞ ይወርዳል፤ የቆላው ሰው ማሽላውን፣ በርበሬውንና ፍራፍሬውን ይዞ ይወጣል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ለደጋው ብርድ ግድ ነው፤ ያንኑ ባና ትከሻው ላይ ጥሎ የወረደ ሰው ግን ቆላ ሲደርስ አጣጥፎ በአህያው ላይ ይጭነዋል። ተማሪዎቿ በክረምት ጉም ውስጥ ሆነው ሲመጡ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታዩም፤ እርስ በርስ በድምፅ እየተጠራሩ ይደርሳሉ። ንጉሥ ከሄደ፣ ቅፍለት ከቀረ፣ ባቡርም በሌላ በኩል ከዞረ በኋላ ከተማዋን ያቆያት ይህ የደጋና የቆላ መለዋወጥ ነው አለች። በመልስ 1 መምህሩ ለጠየቁት ጥያቄም ሌላኛውን ግማሽ መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው።

መልስ 16። ወዲያው አንድ ሰው ስለ እህል ሲነሣ ትዝ ያለውን የወፍጮ ታሪክ አመጣ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜጥሮስ የሚባል የውጭ አገር ግንበኛ በአንኮበር አቅራቢያ በውኃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ተቃወሙት ሥራው ቆመ። ተሳታፊው ይህን የጻፈው በካህናቱ ለመፍረድ ሳይሆን ሴቶቹ በእጅ ወፍጮ መድከማቸው እንደ ቀጠለ ለማስታወስ ነው፤ ሐዘኑ ከቃሉ ይነበባል።

መልስ 17። የመንገድ ሥራ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን የመጨረሻ ምክንያት ሞላልን። ከባቡሩ በኋላ አንኮበርን ትቶ ያለፈው ሁለተኛው ነገር የመኪና ጥርጊያው ነው። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ወደ ደሴ የሚያወጣውን መንገድ ሲሠሩ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ቀጥለው በጣርማ በር ተራራውን በዋሻ ሰንጥቀው ወደ ደብረ ሲና ወረዱ። አውራ ጎዳናው እስከ ዛሬ የሚያልፈው በዚያው ነው። ደብረ ሲና የአውቶቡስ ማረፊያና ገበያ ስትሆን አንኮበር ከአውራ ጎዳናው ወደ ቀኝ ተገንጥላ ቀረች። በዚያው ዘመን ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በእነዚህ ገደሎች መሸሸጋቸውን አስታውሶ፣ ለመኪና የማይመች አገር ለአርበኛ የሚመች መሆኑን ጠቁሟል።

መልስ 18 እና 19። አንዱ በአሮጌው ግቢ ላይ የንጉሡን አዳራሽ በሚመስል ሁኔታ የእንግዳ ማረፊያ መሠራቱ ቦታውን ከመረሳት እንዳዳነው ጻፈ። ሌላው አዲስ ግንባታ ከመቆሙ በፊት መሬቱ በቁፋሮ መጠናት ነበረበት፣ ከሥሩ ያለው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ መሠረት መጣል ትክክል አይደለም ሲል ተቃወመ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን ያ ማረፊያ ባይኖር ብዙ ሰው ተራራውን ለመውጣት ምክንያት እንደማያገኝም አምናለሁ።

መልስ 20። የመልስ 6 ጎብኚ ተመለሰ። ቃናው በርዶ ነበር። የጎረቤላን መምህርት በአክብሮት ጠርቶ፣ እንደገና ቢመጣ ከደጋው ወደ አልዩ አምባ በእግር ለመውረድ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቃት።

መልስ 21። በገበያ ቀን እንዲመጣ መከረችው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከባለ አህዮቹ ጋር ቢወርድ መንገዱን እነርሱ ያሳዩታል፤ ጠዋት የለበሰውን ወፍራም ልብስ ግማሽ መንገድ ላይ ያወልቀዋልና የሚይዝበት ከረጢት አይርሳ፤ ሲመለስ ዳገቱ ስለሚጠና በቅሎ አስቀድሞ ይነጋገር። ቁልቁለቱን ሲጀምርም የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ እንዲመለከት አደራ አለችው፤ የቤተ መንግሥቱ ተራራ ሙሉ ቅርጹ የሚታየው ከዚያ ነው።